አሮጌ ስፖርት መኪና ትራክ ላይ ሲያስቸግር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደወላችሁ አብዛኞቻችሁ ጥያቄያችሁ አንድ ዓይነት ነበር። ቅዳሜና እሁድ አሮጌ ስፖርት መኪና ይዛችሁ ትራክ ትወጣላችሁ፤ መኪናው አልታዘዝ ይላችኋል፤ ቀጥሎ ምን ዕቃ እንደምትገዙ ትጠይቃላችሁ። በአየር ላይ ጊዜ ስላነሰን መልሶቹን ሰፋ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ። አስቀድሜ ልናገር፤ ብዙዎቻችሁ መግዛት አያስፈልጋችሁም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ "የ1994 ማዝዳ ሚያታ አለኝ። ሰሚት ፖይንት ትራክ ላይ ለመንዳት ብዬ ጠንካራ ሞላና ወፍራም የፊት ስታቢላይዘር (የግራና የቀኙን ጎማ አያይዞ ማዘንበልን የሚቀንስ ዘንግ) አስገጠምኩ። ሾኮቹ የድሮዎቹ ናቸው። አሁን መሪውን ባዞር ባዞር ፊቱ ወደ ውጭ ይሄዳል። ከበፊቱ ባሰበት። የኋላውንም ስታቢላይዘር ባወፍረው ይስተካከላል?"

ሊሻልህ ይችላል። ግን ቆይ፣ ካርድህን ከማውጣትህ በፊት የሆነውን ነገር እንየው።

መኪና ኩርባ ሲወስድ ክብደቱ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጨኛው ይዛወራል። ምን ያህል እንደሚዛወር የሚወስኑት የመኪናው ክብደት፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት ያለው ከፍታ፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት እና ኩርባውን የወሰድክበት ፍጥነት ናቸው። ለምሳሌ 1,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና እንውሰድ። ማዕከሉ 46 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ የጎማው ስፋት 1.40 ሜትር ይሁን። በ0.9 ጂ፣ ማለትም የራሱን ክብደት 90 በመቶ በሚያህል የጎን ኃይል ሲዞር፣ ወደ 300 ኪሎ የሚጠጋ ጭነት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይሻገራል። ስታቢላይዘር ይህን ቁጥር አይቀንሰውም። የሱ ሥራ ማከፋፈል ነው፤ ከዚህ ውስጥ ስንቱን ፊት ይሸከም፣ ስንቱን ኋላ።

ጎማ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው። ጭነቱን እጥፍ ብታደርግበት ግሪፑ እጥፍ አይሆንም፤ ያንሳል። ስለዚህ ፊቱን ስታጠነክር የፊት ውጨኛው ጎማ ከልክ በላይ ይጫናል፣ ውስጠኛው ይቀላል፣ የሁለቱም ድምር ግሪፕ ይወርዳል። የከፈልክበት ዕቃ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። አንተ የማትፈልገውን ሥራ ነው እንጂ።

"እከሌ ቢኤምደብሊው ላይ ወፍራም የፊት ስታቢላይዘር ገጥሞ ተሻለው" ልትለኝ ትችላለህ። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ይሻላል። ፊታቸው ማክፈርሰን (ሾኩ ራሱ ጎማውን ከላይ የሚይዝበት ዓይነት) የሆኑ መኪኖች ሲያዘነብሉ የጎማቸው ካምበር፣ ማለትም ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያጋደለበት ልክ፣ ስለሚበላሽባቸው፣ ማዘንበላቸውን መቀነስ ይጠቅማቸዋል። ያንተ ሚያታ ግን አራቱም ጎማ ላይ ደብል ዊሽቦን (ጎማው በላይና በታች ክንድ የተያዘበት ዓይነት) ነው ያለው። ካምበሩን በራሱ በደንብ ይጠብቃል። የሰው መድኃኒት አትዋጥ።

ስለዚህ በነፃ የሚሠራውን አስቀድም። የድሮውን የፊት ስታቢላይዘር መልሰህ ግጠምና ንዳው። ሁለተኛ፣ ሾኮቹ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሾክ ላይ ጠንካራ ሞላ ማድረግ ማለት ሞላው እንዳሻው ይዝለል ማለት ነው፤ ሾኩ አይዘውም። እንዲያውም መኪናህ ዝቅ ካለ ኩርባ መሃል ላይ ሾኩ ማቆሚያ ጎማው (ጉዞው ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚያቆመው ላስቲክ) ላይ እያረፈ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ያን ጊዜ ያ ጫፍ በአንድ አፍታ ድንጋይ ይሆናል። ማረጋገጡ ቀላል ነው። የአቧራ መከላከያውን አንሳና የሾኩ ዘንግ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ማሰሪያ ፕላስቲክ ጠበቅ አድርገህ እሰር። ወደ ታች ገፍተህ ከሾኩ አካል ጋር አገናኘው። ከዚያ ትራክ ገብተህ ውጣ። ማሰሪያው ተገፍቶ ማቆሚያ ጎማው ድረስ ከወጣ መልስህን አገኘህ።

ሦስተኛ፣ አላይመንት። ለመነሻ ፊቱን ወደ 2 ዲግሪ ኔጋቲቭ ካምበር (ከላይ ወደ ውስጥ ያጋደለ)፣ ኋላውን ተቀራራቢ፣ የፊት ቶ (የጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የዞረበት ልክ) ዜሮ፣ የኋላ ቶ በጣም ትንሽ ወደ ውስጥ። ሚያታ ላይ ይህ የሚስተካከለው በታችኛው ክንድ ብሎኖች ነው፤ እነሱ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ዝገው ከቡሹ (ብሎኑ የሚያልፍበት ላስቲክ ያለው መያዣ) ጋር ይጣበቃሉ። ሠራተኛው "አልዞር አለኝ" ቢልህ ሰነፍ ነው ብለህ አትፍረድበት።

አንድ ያልነገርከኝ ነገር አለ። ፊቱ የሚሄደው የቱ ጋ ነው? ስትገባ ከሆነ የፍሬን አያያዝህን ተመልከት። ኩርባው መሃል ከሆነ ከላይ ያልኩህ ሁሉ ይሠራል። ስትወጣ ከሆነ ግን፣ በተለይ ወደ ረጅሙ ቀጥታ በሚያስወጣው 10ኛው ኩርባ ላይ፣ ነዳጅ ቀድመህ እየሰጠህ ይሆናል። ነዳጅ ስትሰጥ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ፊቱ ይቀላል። ለዚህኛው የሚሸጥ ዕቃ የለም።

ከአዲስ አበባ፦ "መኪናዬን ዝቅ ለማድረግ ሞላውን በግራይንደር ማስቆረጥ ፈልጌ ነበር። ጉዳት አለው?"

አለው፣ ወንድሜ፣ ተወው። ጥቅልሉ ሲያንስ ሞላው ይጠነክራል፣ ሾኩ ግን ለድሮው ሞላ የተሠራ ነው። ከዚያም አልፎ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ያጠረው ሞላ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ዝቅታ ካማረህ ለሞዴሉ የተሠራ አጭር ሞላ ከተስማሚ ሾክ ጋር ግዛ። ካልተገኘ እንዳለ ንዳው።

ከአትላንታ የደወሉ አባት፦ "ልጄ፣ የ1987 ፖርሽ 944 አለኝ። ፊቱ ላይ ከፍታው የሚስተካከል ሾክ አስገጠምኩ፤ መካኒኩ ግራና ቀኙን በሜትር ለክቶ እኩል አድርጎታል። ሮድ አትላንታ ስነዳው ወደ ቀኝ ስዞር ፊቱ እምቢ ይላል፣ ወደ ግራ ስዞር ደግሞ ኋላው ያመልጠኛል። በአራት ሚዛን አስመዝኜው ቁጥሩን ይዣለሁ።"

እግዜር ይስጥልኝ፣ ቁጥር ይዞ እንደሚደውል ሰው የሚያስደስተኝ የለም። ቁጥሮቹን ወደ ኪሎ ስመልሳቸው እርስዎ መቀመጫው ላይ ሆነው ግራ ፊት 378፣ ቀኝ ፊት 318፣ ግራ ኋላ 306፣ ቀኝ ኋላ 358 ነው። ድምሩ 1,360።

ለየብቻ ሲታይ ችግር ያለ አይመስልም። ፊቱ 51 በመቶ ገደማ ነው፤ 944 ማርሽ ሳጥኑ ኋላ ስለሆነ ድሮውንም ለእኩል የቀረበ ነው። ግራው 50 ከመቶ ትንሽ ያልፋል፤ ሹፌር ለተቀመጠበት ጎን ጥሩ ነው። ሰያፉን ሲደምሩት ነው ጉዱ የሚወጣው። ቀኝ ፊትና ግራ ኋላ 624፣ ግራ ፊትና ቀኝ ኋላ 736። መኪናዎ አንድ እግሩ እንዳጠረ ወንበር በሁለቱ ሰያፍ እግሮቹ ላይ ነው የቆመው። ወደ ቀኝ ሲዞሩ ውጨኛው የፊት ጎማ ግራው ነው፤ እሱ ደግሞ አስቀድሞ ተጭኗል። ፊቱ እምቢ ይላል። ወደ ግራ ሲዞሩ ውጨኛው የኋላ ጎማ ቀኙ ነው፤ እሱም ተጭኗል። ኋላው ያመልጣል። እርስዎ የነገሩኝና ሚዛኑ የሚለው አንድ ነው።

መካኒኩ የለካው ከፓራፋንጎው ጫፍ ይመስለኛል። በዚህ ዕድሜ ያለ መኪና ፓራፋንጎው አንዴ ሳይመታና ሳይቃና አይቀርም፤ ለመለኪያ አይሆንም።

መፍትሔው ዕቃ መጨመር አይደለም። የ944 የኋላ ሞላ ቶርሽን ባር ነው፤ እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ። የሱን ከፍታ በሰፊው መቀየር መፍታትንና ጥርሱን አውጥቶ መመለስን ይጠይቃል፤ የቀን ሥራ ነው። ለሰያፍ ማስተካከያ ግን ኋላውን መንካት አያስፈልግም። ቀኝ ፊቱን በሾኩ የከፍታ ማስተካከያ ቀለበት ትንሽ ከፍ፣ ግራ ፊቱን በዚያው ልክ ዝቅ ያድርጉት። አንድ ማዕዘን ሲነሳ ለራሱና ለሰያፍ ጓደኛው ክብደት ይጨምራል። ከእያንዳንዱ ማዕዘን 28 ኪሎ ከተንቀሳቀሰ 350፣ 346፣ 334፣ 330 ይመጣል፤ ሁለቱም ሰያፍ 680 ይሆናል። የፊቱና የግራው ድምር ግን ንቅንቅ አይልም። እነሱን ለመቀየር ባትሪ ወይም መቀመጫ ማዛወር ነው ያለው።

ሲያስመዝኑ ጎማው በሚነዱበት ነፋስ ይሁን፣ ታንከሩ በግማሽ ይሁን፣ የስታቢላይዘሩ አንድ ጫፍ ይፈታ፣ ከየማስተካከያው በኋላም መኪናው ወደፊትና ወደኋላ ተገፍቶ ይረጋጋ። ስታቢላይዘሩ መጨረሻ ላይ ሲመለስ ማያያዣው ሳይወጠር መግባት አለበት፤ አለበለዚያ የለፉበትን ሰያፍ ያበላሸዋል።

ሳልረሳው፣ የእርስዎ ሞዴል ከ1985 አጋማሽ ወዲህ ከመጡት፣ የፊት ክንዳቸው አሉሚኒየም ከሆነው ነው። ፊቱ በጣም ዝቅ ካለ ቦል ጆይንቱ (ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ) ከሚችለው አንግል በላይ ይታጠፋል፤ ትራክ ላይ ፒኑ ተሰብሮ ያውቃል። በሙሉ ፍጥነት የፊት ጎማ ማጣት ማለት ነው። ከመውጣትዎ በፊት ያስፈትሹት፣ ዝቅታውንም ይቀንሱት።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ "የ1995 ቢኤምደብሊው ኤም3 እነዳለሁ፣ ኢ36 የሚባለውን። ከፍጥነት ጠንከር አድርጌ ፍሬን ስይዝ ኋላው ግራ ቀኝ ይላል። አላይመንት ሁለት ቦታ አሠራሁ፣ ሁለቱም ልክ ነው አሉኝ።"

ልክ ናቸው፣ እህቴ። አላይመንት የሚሠራው መኪናው ቆሞ ነው፤ ያንቺ ችግር የሚመጣው ፍሬን ስትይዢ ነው። ኢ36 ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የኋላው ረጅም ክንድ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ላስቲክ ቡሽ ነው። ሲያልቅ ጎማው በፍሬን ወደ ኋላ ይሳባል፣ ቶው ወደ ውጭ ይከፈታል፣ ኋላው መሪ እንዳለው ሁሉ ይንቀዋለላል። መካኒክሽ በረጅም ብረት ገፋ አድርጎ ያንቀሳቅሰው፤ ክፍተቱ ይታያል። አዲሱ ሲገባ መኪናው በሚቆምበት ከፍታ ላይ ላስቲኩ ሳይጠመዘዝ መቀመጥ አለበት፤ ያለዚያ ቶሎ ይቀደዳል። የላይኛውን የሾክ መያዣም አብሮ ይይ፤ እሱም ከዚህ መኪና የታወቁ ደካማ ቦታዎች አንዱ ነው።

ከዱባይ፦ "የ2001 ሆንዳ ኤስ2000 ነው። ፊቱ እንዲይዝልኝ ብዬ አራቱንም ጎማ እኩል 225 ሚሊ ሜትር ስፋት አደረግኩ። ዱባይ አውቶድሮም ላይ ፊቱ እንደ ምላጭ ሆነልኝ፣ ግን ኩርባ መሃል ትንሽ ጉብታ ስነካ ኋላው ሳይነግረኝ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ይብሳል።"

ፋብሪካው ፊቱን 205፣ ኋላውን 225 ያደረገው ጎማ ቸግሮት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ኤስ2000ዎች ሰስፔንሽኑ ሲታመቅ የኋላ ቶ ብዙ ይቀያየራል። ጉብታ ስትነካ የምታየው እሱን ነው። ሆንዳ ራሱ ለ2004 ሞዴል ሰስፔንሽኑን ሲያሻሽል ይህን ቀንሶታል። አንተ ፊቱ ላይ ግሪፕ ጨምረህ ሚዛኑን ወደ ኋላ ገፋኸው።

ሁለት መንገድ አለህ። ወይ ወደ 205 መመለስ፣ ወይ እኩሉን ጎማ ይዘህ ፊቱን በወፍራም ስታቢላይዘር ትንሽ ማጠንከር። አዎ፣ ለሚያታው ልጅ አውጣው ያልኩትን ዕቃ ለአንተ ግጠም ልልህ ነው። እሱ ፊቱ እምቢ ብሎታል፣ አንተ ኋላው። የሚንሸራተተውን ጫፍ ማለስለስ ወይም ሌላኛውን ማጠንከር ነው ነገሩ። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን በ205 እጀምር ነበር፤ ይቀልላል።

የከሰዓቱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፣ ነፋስ ይመስለኛል። ጠዋት ጎማው 20 ዲግሪ ሳለ 30 ፒኤስአይ ብትሞላው፣ 60 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 36 ይጠጋል። እኩለ ቀን ላይ አስፋልቱም ሲግል ይበልጣል። ስለዚህ ቀዝቃዛውን ቁጥር እርሳው። ከትራክ እንደወጣህ፣ ጎማው ሳይበርድ፣ አራቱንም ለክተህ ወደምትፈልገው አውርደው። የሙቀት መለኪያ ካለህ እያንዳንዱን ጎማ ከውስጥ፣ ከመሃል፣ ከውጭ ለካ። መሃሉ በጣም ከጋለ ነፋሱ በዝቷል። ውጨኛው ጠርዝ ከውስጠኛው ከበለጠ ካምበር ያንስሃል።

ይህን ለአንድ ሙሉ ቀን፣ ከየዙሩ በኋላ ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ጠዋቱንና ከሰዓቱን ለይ። ስታቢላይዘሩን የምትገዛ ከሆነ ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ይዘህ ደውልልኝ፣ ውፍረቱን አብረን እንመርጣለን።