«ልመዱት ነው የምትሉን?»

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። አንድ ቃል ሲከነክነኝ ከርሟልና ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

ቃሉ «መላመድ» ነው። ሥራዬን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ትናንሽ የገጠር መንደሮች የአየር ንብረት ለውጥን የሚላመዱበት ዕቅድ ሲያወጡ አግዛለሁ። አገራችንም በፈረንጆቹ 2019 ብሔራዊ የመላመድ ዕቅድ አውጥታለች። ቃሉ ወረቀቶቻችን ላይ ሁሉ አለ። እኔም ሳላስብበት ለዓመታት ስናገረው ኖሬያለሁ።

ጥር ላይ ከቱሉ ዲምቱ ማዶ ያለች አንዲት መንደር ሄድን። የፍጥነት መንገዱ መክፈያ ከሩቅ ይታያል። ወዲያ ኮንዶሚኒየም፣ ወዲህ የጤፍና የሽምብራ ማሳ። ዕድር ቤት ተሰበሰብን። እኔ ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፌ «የመላመድ ዕቅድ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ አባት ከኋላ ወንበር አነበቡትና «ልጄ፣ ልመዱት ነው የምትሉን?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነው። አዲስ ጫማ እግሩን ለጨመቀው ሰው «ትለምደዋለህ» እንለዋለን። ሐዘን ለደረሰበት ሰው ደግሞ «ምን ይደረግ፣ ይለመዳል» እንላለን። ቻለው፣ ዝም በል ማለታችን ነው። ጤፉ አውድማ ላይ ለበቀለበት ገበሬ ይኼ ምን ማለት ነው?

አጠገባቸው የተቀመጡት ሰውዬ ናቸው ያወጡኝ። «ወይፈንም እኮ ይላመዳል» አሉ። ወይፈን ማላመድ ማለት ምን እንደሆነ አስረዱኝ። ብቻውን አይጠመድም። ሥራ ከሚያውቅ በሬ ጋር ይጣመራል። መጀመሪያ ለስላሳ መሬት ላይ፣ ለጥቂት ሰዓት። ባለቤቱ ጠዋት ማታ አብሮት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ «መላመድ» ስል የሚታየኝ ያ ወይፈን ነው።

ከሰዓት በኋላ ውጪ ወጥተን መሬት ላይ በአመድ የመንደሩን ካርታ ሠራን። ወንዶቹ ለብቻ፣ ሴቶቹ ለብቻ። እንደዚህ ማድረጉ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን እንዳትተዉት። ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

ወንዶቹ የሣሉት ውኃ ነበር። መሬቱ ዋልካ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ይዞ አልለቅም ይላል። ይኼ ድሮም ያለ ነው። አሁን ግን ከላይ አስፋልትና ጣሪያ በዛ። ድሮ ሜዳው እየመጠጠው ቀስ ብሎ ይወርድ የነበረ ጎርፍ፣ አሁን ዝናቡ ሳያባራ ማሳቸው ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ልጠንቀቅ። ሁሉንም ነገር የአየር ንብረት ለውጥ ላይ መለጠፍ ስህተት ነው። «ጎርፍ፣ ምክንያቱ የአየር ንብረት» ብለን ጽፈን ብንሄድ ኖሮ መፍትሔው በጠፋብን ነበር። ከባድ ዝናብ ሲጥል ጉዳቱን የሚያባብሰው ወደ ማሳው የተለቀቀው የመንገድ ቱቦ ነው። ለሱ ደግሞ መቀልበሻ ቦይና ከላይ ሰፈር ካሉት ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል።

ሴቶቹስ? እነሱ ካርታቸው ላይ ኩበት ሣሉ። እውነቱን ለመናገር ባየሁት ጊዜ አልገባኝም ነበር።

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባል የለ? የነሱ የሥራ መቁጠሪያ ይኼ ነው። ዝናቡ ይቀንሳል፤ መስከረም ሲያልቅ ፀሐይ ይበረታል። እበቱ ተጠፍጥፎ ይሰጣል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል። ዓመቱን ሙሉ እንጀራ የሚጋገረው በሱ ነው። አሁን ግን ጥቅምት ላይ፣ አንዳንዴም ኅዳር ላይ፣ ዝናብ ሲመጣ ግማሽ የደረቀው ኩበት ይቦካል። አንዷ እናት ካለፈው ዓመት የቀረ አንድ ኩበት አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከላይ ደረቅ ነው። ስሰብረው ውስጡ አረንጓዴ ሻጋታ። «ይኼ ያጨሳል እንጂ አይነድም» አለችኝ። ስለዚህ ከሰል ይገዛል። ለከሰሉ እንቁላሉ ይሸጣል። ልጆቹ እንቁላል አይበሉም።

የያዝኩት ቅጽ ስለ ሰብል፣ ስለ ከብት፣ ስለ ውኃ ይጠይቃል። ስለ ማገዶ የሚጠይቅ መስመር አልነበረውም። ከታች በእስክሪብቶ ጨመርኩት። ወንዶቹን ብቻ ሰብስበን ቢሆን ኖሮ ኩበትን የሚያነሳ ሰው አይኖርም ነበር።

የትንበያውም ነገር አለ። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ወቅቱን ሲተነብዩ «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» ብለው በመቶኛ ነው የሚሰጡት። መቶኛ ለብዙ ሰው ባዶ ድምፅ ነው። እኛ 10 ፍሬ ሽምብራ ይዘን መሬት ላይ ከፋፈልነው። ለምሳሌ 4ቱን ለብዙ ዝናብ፣ 3ቱን ለመደበኛ፣ 3ቱን ለጥቂት። አንዲት ባልቴት ለጥቂት ዝናብ የተለየችውን 3ቷን ሽምብራ ትክ ብለው አዩና «ይኼም አለ ማለት ነዋ!» አሉ። አዎ እማማ፣ ይኼም አለ። ሁሉን ማሳ በአንድ ዘር አለመሸፈን ለምን እንደሚጠቅም ከዚያ በኋላ እኔ መናገር አላስፈለገኝም። እርስ በርሳቸው ሲከራከሩበት አመሹ።

አንድ የሚያናድደኝን ነገር ልንገራችሁ። እዚችው መንደር ከዓመታት በፊት ሌላ ዕቅድ ወጥቶላት ነበር። ሰዎቹ ደክመውበታል። ወረቀቱ ግን ወደ ቢሮ ተወሰደ፤ እነሱ እጅ አንድ ቅጂ እንኳ አልቀረም። ቢሮው ሄጄ ስጠይቅ የሚያገኘው ሰው ጠፋ። ያንን ያህል ሰው ከሥራ አውሎ፣ ሐሳቡን ተቀብሎ መሄድ ነውር ነው። ስለዚህ የአሁኑ ዕቅድ ዋናው ዕድር ቤት ግድግዳ ላይ ነው ያለው። እኔ ይዤ የመጣሁት ቅጂውን ነው።

ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። ቦዩ በደቦ ተቆፍሮ ግማሽ ደርሷል። ከላይ ሰፈር ካሉት ጋር ያለው ንግግር ገና ነው። ለኩበቱ መጠለያ እንጨቱ ቆሟል፤ አሮጌ ቆርቆሮም ከዕድሩ ተገኝቷል። 4 ቆርቆሮ ጎድሏቸዋል። ሁለቱን እኔ አገኘሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ይዤ እሄዳለሁ።