በውኃ ዳር ስለሚሠሩ ከባድ ማሽኖችና ስለ ሠራተኞቻቸው ደኅንነት

የተከበራችሁ ኦፕሬተሮች፣ ረዳቶች፣ ፎርማኖችና መሐንዲሶች፤

ዛሬ ሚያዝያ 20 ቀን፣ የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ቀን በዓለም ዙሪያ በሚታሰብበት ዕለት፣ እዚህ ባሕር ዳር የምናገረው ከባድ ማሽን በውኃ ዳር ሲሠራ በሰው ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት ነው። ጎጃም ዓባይ የከበበው ምድር በመሆኑ ከጣና ዳር እስከ ቆጋ መስኖ፣ ከዚያም እስከ ደጀን በረሃ፣ ድልድዩም ቦዩም ያለ ኤክስካቫተር፣ ማለትም ያለ መሬት መቆፈሪያ ማሽን፣ አይሠራም።

የወንዝ ጠርዝ ከላይ ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን ውኃ የጠገበ አፈር የመሸከም አቅሙ ይደክማል፤ ወራጁም ከሥር እየቦረቦረ ጠርዙን ባዶ ያስቀረዋል። 20 ቶን የሚመዝን ኤክስካቫተር በዚያ ላይ ቆሞ፣ ባኬቱን ሞልቶ ክንዱን ወደ ወንዙ ሲዘረጋ፣ ጭነቱ በአብዛኛው የሚያርፈው ማሽኑ በሚሄድበት የብረት ሰንሰለት በውኃው በኩል ባለው ጫፍ ላይ ነው።

ጠርዙ ተንዶ ማሽኑ ወደ ውኃው ከተገለበጠ በኋላ ኦፕሬተሩ ለመውጣት ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። አንድ ሜትር ካሬ የሚሆነው የበሩ ክፍል ከውኃው ወለል እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ውኃ ውስጥ ቢገባ፣ ግማሽ ቶን የሚያህል ግፊት ስለሚጫነው በጉልበት የሚከፍተው ሰው የለም። ቀበቶ ባይታሰር ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ያልታሰረ ኦፕሬተር ከጋቢናው ተወርውሮ ማሽኑ ራሱ ሊጫነው ይችላል። ይልቅስ ቀበቶ መቁረጫና መስታወት መስበሪያ እጁ በሚደርስበት ቦታ ይኑር። የሕይወት አድን ጃኬት በዝግ ጋቢና ውስጥ ሰውን ከጣሪያው ጋር አጣብቆ ሊያስቀር ስለሚችል ጥንቃቄ ይሻል፤ ውኃው ጠርዝ ላይ ለሚቆመው ረዳት ግን ግዴታ መሆን አለበት።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ካላደረሰው በስተቀር፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የሥራ ውልም በቃል ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ የተጎዳን ሰው «የቀን ሠራተኛ ነህ፣ ውል የለህም» ብሎ ማሰናበት ሕግን መጣስ ነው፤ ይህን ለቤተሰቦቻችሁም ንገሯቸው።

ከዚህ ጉባኤ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ማሽኑ ከጠርዙ ምን ያህል ርቆ እንደሚቆም ሥራው ሳይጀመር መሐንዲሱ ለክቶ በችካል ያሳይ፤ በዘነበ ማግሥትም እንደገና ይፈትሸው፤ ኦፕሬተሩ «መሬቱ እየከዳኝ ነው» ብሎ ማሽኑን ሲያቆምም የዕለት ክፍያው አይቆረጥበት።