ሺቦሌት እና የእናቴ ሰብል

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ስለ አንዲት ቃል ነው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ሺቦሌት» የሚሏት ቃል አለች። አንድ ሰው ከኛ ወገን ይሁን አይሁን የሚለይበት አነጋገር ወይም ልማድ ማለት ነው። ወደ ቋንቋቸው የገባችው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው።

መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12ን ግለጡ። የዮፍታሔ ሰዎች፣ ገለዓዳውያን፣ ኤፍሬማውያንን በጦርነት አሸንፈው የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘዋል። ከጦርነቱ የሚሸሽ ሰው «ልሻገር» ይላቸዋል። «ኤፍሬማዊ ነህ?» ይሉታል። «አይደለሁም» ይላል። «እስቲ ሺቦሌት በል» ይሉታል። ኤፍሬማውያን ደግሞ «ሽ» አይሆንላቸውም። «ሲቦሌት» ይላል። እዚያው ያርዱታል። መጽሐፉ ከኤፍሬም የወደቁትን 42,000 ይላቸዋል።

ትርጉሙን ሳውቅ ግን ደነገጥኩ። በዕብራይስጥ ሺቦሌት የእህል ዛላ ነው። በቃ፣ ዛላ! በእጅ ታሽቶ የሚበላ ነገር።

ጥንት በአካድኛ፣ በባቢሎናውያን ቋንቋ፣ «ሹቡልቱ» ይሏት ነበር። በዓረብኛ «ሱንቡላ» ናት። እሷንስ ታውቋታላችሁ፤ ኮከብ ቆጣሪዎቻችን «ኮከብህ ሰንቡላ ነው» የሚሉት ይቺኑ ዛላ ነው። በአማርኛስ? ሰብል! የእርሻ ዜና በተነበበ ቁጥር የምንሰማት የራሳችን ሰብል።

«ሽ»ዋ የት ሄደች እንዳትሉኝ። ዕብራይስጥ «ሻሎም» ሲል እኛ «ሰላም» እንላለን። «ሼም» ሲል «ስም»፣ «ሻማይም» ሲል «ሰማይ»። ግዕዝማ «ሸ» የሚባል ፊደልም የለው። እስቲ «ሸ»ን ወረቀት ላይ ጻፏት። «ሰ» ናት፣ አናቷ ላይ ሰረዝ የተጨመረባት። ለአማርኛ ድምፅ ሲባል በኋላ የመጣች ናት። እንግዲህ ግዕዝ ተናጋሪ አባቶቻችን ያን ቀን ዮርዳኖስ ዳር ቢገኙ፣ ዛላን በራሳቸው አፍ ሲጠሩ በ«ሰ» ነበር የሚጀምሩት። ልክ እንደ ኤፍሬማውያኑ። ይህን ካሰብኩ ወዲህ ታሪኩን የማነበው ከወንዙ በዚያኛው በኩል፣ ከሚሸሹት ጋር ቆሜ ነው።

ትናንት ማታ እማዬ ደወለች። ስለ ዝናቡ አወራችኝ፣ ዘንድሮ ሰብሉ ጥሩ እንደሆነ ነገረችኝ።

«እማዬ፣ እስቲ ድገሚው» አልኳት።

«ምኑን?»

«ሰብል የሚለውን።»

«ሰብል» አለች። «ምነው ልጄ፣ አይሰማህም እንዴ?»