ከርነል ኮምፓይል ሲደረግ ሥራው ለምን መሃል ላይ ይቋረጣል?

[ማያ ገጹ ላይ፦ የተርሚናል መስኮት። መስመሮች በፍጥነት ይወርዳሉ፤ ድንገት ይቆማሉ።]

የሊኑክስን ከርነል፣ ማለትም የስርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ኮምፓይል ማድረግ (የምንጭ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ መቀየር) ጀምራችኋል። ፋይሎቹ ተራ በተራ ሲያልፉ ቆይተው ድንገት «ኢንተርናል ኮምፓይለር ኤረር፣ ሴግመንቴሽን ፎልት» የሚል መስመር ይመጣና ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል፤ ኮምፓይለሩ የእርሱ ያልሆነ የማህደረ ትውስታ ቦታ ነክቶ ወደቀ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ የብዙ ሰው እጅ የሚሮጠው ከርነሉ ምን ምን እንዲይዝ ወደሚወስነው ማዋቀሪያ ፋይል ነው። እባካችሁ ገና አትንኩት። ምንም ሳትቀይሩ ያንኑ ትእዛዝ ድገሙት፤ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። ዓይናችሁን የወደቀበት ፋይል ስም ላይ አድርጉ። ቅድም የተሰናከለበትን በሰላም አልፎ ሌላ ፋይል ላይ ከወደቀ ኮዱን አትጠርጥሩ። ኮድ ከአንድ ሙከራ ወደ ሌላው አይለዋወጥም። ቦታ የሚቀያይር ሴግመንቴሽን ፎልት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሃርድዌር ነው፤ በተለይም ከራም።

[ሥዕል፦ ረጅም የዜሮና የአንድ ሰልፍ። አንዷ ትገለበጣለች።]

«ራሙ ከተበላሸ ሌላው ሥራ እንዴት በደህና ይሄዳል?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቪዲዮ ስታዩ አንዲት ቢት (አንዲት ዜሮ ወይም አንድ) ብትገለበጥ የአንዲት ነጥብ ቀለም ይቀየራል፤ ማንም ልብ አይለውም። ኮምፓይለር ግን የምንጭ ኮዱን የሚይዘው ቅርንጫፎቹ በአድራሻ የተያያዙ ትልቅ ዛፍ አድርጎ ነው። ከአንዱ አድራሻ ላይ አንዲት ቢት ከተገለበጠች የእርሱ ያልሆነ ቦታ ይረግጣል፤ ስርዓተ ክወናውም በሲግናል 11፣ ማለትም በሴግመንቴሽን ፎልት፣ ያስቆመዋል። በአንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ሲወድቅ ያንኑ ፋይል ራሱ ደግሞ ይሞክራል፤ ስህተቱ ካልተደገመም ችግሩ የሃርድዌር ወይም የስርዓተ ክወናው ሳይሆን እንደማይቀር ይጽፋል። ያቺን መስመር አትለፏት።

እኔ አንድ ጊዜ ሳላነባት አልፌ ሁለት ሌሊት ማዋቀሪያውን ስቀያይር አድሬያለሁ። በመጨረሻ ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስትን ከፍላሽ አስነስቼ ተውኩት። የመጀመሪያው ዙር ንጹሕ ነበር፤ በሁለተኛው ቀያይ መስመሮች ብቅ አሉ። ከሁለቱ ራሞች አንዱን ነቀልኩ፤ ከርነሉም ያለ አንድ ስህተት ተጠናቀቀ። ስለዚህ ፍተሻውን ሌሊቱን ሙሉ ተዉት፤ አንድ ዙር ማለፉ ዋስትና አይሆንም።

ራሙ ንጹሕ ከሆነ ፍጥነት ለመጨመር ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር) ላይ የነካካችሁትን ሁሉ ወደ ነበረበት መልሱ፤ የፕሮሰሰሩንም ሙቀት ተከታተሉ። ፕሮሰሰሩ ራሱ ጥፋተኛ የሆነበት ጊዜም አለ። በ2017 የወጡ አንዳንድ የራይዘን ፕሮሰሰሮች ሊኑክስ ላይ ከባድ ኮምፓይል ሲሠሩ በሴግመንቴሽን ፎልት ይወድቁ ነበር፤ አምራቹ ኤኤምዲም ችግሩን አምኗል።

[ማያ ገጹ ላይ፦ «ኪልድ» የሚለው ቃል ይጎላል።]

«ኪልድ» የሚል ቃል ወይም ሲግናል 9 ካያችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ራሙ አልተበላሸም፤ አልበቃም። ዲሜሴጅ ብላችሁ የስርዓቱን መዝገብ ክፈቱ፤ ማህደረ ትውስታ በማለቁ ሲሲዋን የተባለው የጂሲሲ ሂደት እንደተገደለ ተጽፎ ታገኙ ይሆናል። የተለመደው ምክንያት ግንባታውን የሚመራውን ሜክን በሰረዝ ጄ (በአንድ ጊዜ ስንት ሥራ እንደሚሄድ በሚወስነው ምርጫ) ስታስነሱ ቁጥር አለመጻፍ ነው፤ ያለ ቁጥር ሜክ የሥራውን ብዛት አይገድብም። ቁጥሩን ቀንሱ፣ ስዋፕ (ራም ሲሞላ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ጨምሩ። የሚወድቀው መጨረሻ ላይ፣ ቪኤምሊኑክስ (ሙሉው የከርነል ፋይል) ሲያያዝ ከሆነ፣ የማያስፈልጋችሁን የዲበግ (የስህተት መፈለጊያ) መረጃ ከማዋቀሪያው አጥፉ፤ ራም የሚበላው እርሱ ነው።

ሁልጊዜ አንድ ፋይል ላይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነስ? ያኔ የኮምፓይለሩን ስሪት ከርነሉ ከሚጠይቀው ዝቅተኛ ስሪት ጋር አስተያዩ፤ በሌላ ስሪትም ሞክሩ። ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲሄድ መልእክቶቹ ስለሚደባለቁ ሰረዝ ጄ 1 ብላችሁ ድገሙት። መጨረሻ ላይ የሚታየው «ኤረር 2» ማስተጋባት ነው፤ እውነተኛው ስህተት ከበላዩ ይገኛል።

[ማያ ገጹ ላይ፦ «ሜክ ክሊን»።]

መጥፎውን ራም ካወጣችሁ በኋላ ሥራውን ካቆመበት አትቀጥሉት። የተገለበጠች ቢት ኮምፓይለሩን ሳትጥለው አልፋ፣ በሰላም ተጠናቀቀ ባላችሁት ፋይል ውስጥ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ከርነል ኮምፒውተሩን ብታስነሱት ስህተቱ ወደ ዲስካችሁ ይደርሳል። ሜክ ክሊን የተገነባውን አጥፍቶ ማዋቀሪያችሁን ይተውላችኋል። ከዚያ ከመጀመሪያው ፋይል ጀምሩ።