ምነው የእኔ አጠረ?

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሜይ 14 ቀን 2024፣ የሜሪላንድ ፕራይመሪ ዕለት (ፓርቲዎች ዕጩአቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ ነው)፣ አንዲት ጎረቤቴን ይዤ ልንመርጥ ሄድን። እኔ እማማ ነው የምላቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንደ ዓመት በዓል ለብሰው ነው የወጡት። ወረቀታቸውን ተቀብለው ገለበጡት፤ ከዚያ የእኔን አዩ።

“ምነው የእኔ አጠረ?” አሉኝ።

እውነትም አጥሯል። የፕሬዚዳንት ዕጩ የለበትም። ሁለቱ ዴሞክራቶች፣ አልሶብሩክስና ትሮን፣ ያን ያህል የተፋለሙበት የሴኔት ወንበርም የለም። ያለው የትምህርት ቦርድ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዜግነት አግኝተው ሲመዘገቡ ቅጹ ፓርቲያቸውን ጠየቃቸው። እሳቸውም “የማንም አይደለሁም” አሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? በእሳቸው ዘመን ፓርቲ ማለት መዋጮና ስብሰባ ነው፤ ሲከፋም እስር ነው። እዚህ አንዲት ምልክት ብቻ መሆኗን ማንም አልነገራቸውም። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ፓርቲው ራሱ በሩን ካልከፈተ በቀር፣ ፓርቲ ያልመረጠ ሰው የፓርቲ ፕራይመሪ ላይ ድምፅ አይሰጥም። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ልጃቸው ግን በፓርቲ ሳይመዘገብ ፕራይመሪ ላይ መርጧል። ቨርጂኒያ መራጭን በፓርቲ አትመዘግብም።

ይሁንና የእማማ ወረቀት ረጅም ቢሆን ኖሮም የፕሬዚዳንቱ ነገር ያው ነበር። ባይደንም ትራምፕም ዕጩ ለመሆን የሚበቃቸውን ዴሌጌት፣ ማለትም በፓርቲው ጉባኤ ድምፅ የሚሰጡ ተወካዮችን፣ ማርች 12 ላይ ጨርሰዋል። እኛ የደረስነው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ሠርጉ አልቆ ድንኳኑ ሲፈርስ።

ቀድመው የሚበሉት እነማን ናቸው? ከ1972 ጀምሮ የአይዋ ካውከስ (የፓርቲው ሰዎች በየሰፈሩ ተሰብስበው ዕጩ የሚለዩበት)፣ ከ1920 ጀምሮ ደግሞ የኒው ሃምፕሻየር ፕራይመሪ። ኒው ሃምፕሻየርማ “የሚቀድመኝ የለም” የሚለውን ሕግ አድርጋ ጽፋዋለች! ሕዝቧ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሞንጎመሪ ካውንቲያችን ብቻዋን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባታል። በ2024 ዴሞክራቶች ሳውዝ ካሮላይናን ፌብሩዋሪ 3 ላይ ሊያስቀድሙ ሞከሩ። ኒው ሃምፕሻየር እምቢ ብላ ጃንዋሪ 23 መረጠች። ባይደን ስሙ ወረቀቱ ላይ ሳይኖር፣ ሰው በእጁ እየጻፈለት አሸነፈ። አይዋም በ2020 በአንድ አፕ ምክንያት ውጤቷን ለቀናት ማሳወቅ አቅቷት እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

“ይሄ የአሜሪካኖቹ ባህል ነው፣ አይነካም” የሚለኝ ሰው አለ። ተነክቶ ያውቃል። በ1968 ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሃምፍሪ አንድም ፕራይመሪ ሳይወዳደር የዴሞክራቶች ዕጩ ሆነ። የፓርቲው ጉባኤ የተካሄደባት ቺካጎ በተቃውሞ ተናወጠች፤ ፓርቲውም ደንቡን ለወጠ። የዛሬው አሠራር የዚያ ግርግር ልጅ ነው፤ ገና ስድሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ታዲያ ምን ይሁን? አገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ይምረጥ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በአንድ ቀን ሃምሳ ስቴት ማስታወቂያ የሚገዛው ገንዘብ ያለው ብቻ ነው። ትንንሾቹ ስቴቶች ለአንድ ነገር ይጠቅማሉ፤ ኪሱ ባዶ የሆነ ዕጩ ቡና ቤት ገብቶ ሰው ይጨብጣል፣ ይጠየቃል። ስለዚህ የሚሻለኝ የስቴት ሴክሬታሪዎች፣ ማለትም በብዙ ስቴቶች ምርጫ የሚያስፈጽሙት ባለሥልጣናት፣ ማኅበር በ1999 ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ አገሪቱ በአራት ቀጣና ትከፈል፣ በየአራት ዓመቱ የመጀመሪያው ተራ ይዙር። ዕቅዱ አይዋንና ኒው ሃምፕሻየርን እንደቀደሙ ይተዋቸዋል፤ ይህን አልቀበልም። የሚቀድም ትንሽ ስቴት ካስፈለገ እሱም ይፈራረቅ። እንደ ዕቁብ ዕጣ ይውጣ ብል የሚስቅብኝ ይኖራል፤ ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዕቁብ የማያምን ማን ነው?

ይህ ዋሽንግተን የሚያልቅ ነገር ነው፣ ጊዜ ይፈጃል። የሜሪላንድ በር ግን ቅርብ ነው። የስቴቱ ምክር ቤት አናፖሊስ ላይ በየዓመቱ ጃንዋሪ ይከፈታል፤ ለዘጠና ቀን ይሰበሰባል። ፓርቲ የሌለው መራጭ አንዱን ፕራይመሪ መርጦ ይግባ የሚል ደብዳቤ አዘጋጅተናል፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ፊርማችሁን እንፈልጋለን።

እስከዚያው ምዝገባችሁን እዩ። መቀየር የሚቻለው ፕራይመሪው ከመድረሱ ሳምንታት በፊት ነው፤ በዕለቱ አይሆንም። ቅጹ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። እማማ እዚያው ተቀምጠዋል፣ የትኛው ሳጥን ላይ ምልክት እንደሚደረግ ያሳዩአችኋል።