የግራንት ውርንጭላ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እኔና ቡናዬ። ዓመቱንም ወሩንም የምጠራው በፈረንጆቹ ነው፤ እንዳትደናገሩ።

በአንድ የፈረስ ወሬ ልጀምር። ኦሃዮ ውስጥ ስምንት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ አለ። የአንድ ጎረቤት የፈረስ ውርንጭላ ልቡን ወስዶታል። አባት "ከ20 ዶላር አያወጣም" ባይ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ከ25 አልወርድም ብሏል። ልጁ አባቱን ለምኖ ለምኖ ተፈቀደለትና ሄደ። ደርሶ ምን ቢል ጥሩ ነው? "አባዬ 20 ስጣቸው ብሎኛል። እምቢ ካሉ 22 ከ50። አሁንም እምቢ ካሉ 25 እንድሰጥዎ ነው።"

በስንት እንደገዛው መቼም አልነግራችሁም።

ልጁ ዩሊሰስ ግራንት ነው፣ 18ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት። ወሬውን የጻፈልን ራሱ ነው። የመንደሩ ልጆች ስንት ጊዜ እንዳሾፉበትም አልደበቀም።

ሳነበው ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ከጥቂት ዓመት በፊት ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ የብድር ዋስ ሆኜ ነበር። ሰውየው ጠፋ፣ ከደመወዜ ተቆረጠ። ገንዘቡ ቀስ እያለ ተረሳኝ። ያልለቀቀኝ "አንተ ደግሞ ሰው አታውቅም!" የሚለው የዘመድ ወሬ ነው። ግራንትን የምከታተለው ለዚህ ይመስለኛል።

ግራንት የሰሜኑን ጦር የመራበትን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ታውቁታላችሁ፤ ቶሎ ልለፈው። በ1854 ከጦሩ ለቀቀ። ሴንት ሉዊስ ማገዶ ሸጠ። በ1857 ለገና ሰሞን የወርቅ ሰዓቱን በ22 ዶላር አስያዘ። ስምንት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1865፣ የደቡቡ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሊ እጁን የሰጠው ለዚሁ ማገዶ ሻጭ ነው።

ከ1869 እስከ 1877 ፕሬዚዳንት ሆነ። ጥቁሮችን ሲያሸብር የነበረውን ኩ ክላክስ ክላንን በ1871 በሕግም በወታደርም መታው። ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳለታል። የሚወራው አጠገቡ ስላስቀመጣቸው ሰዎች ነው። የጦር ሚኒስትሩ ቤልናፕ በመጋቢት 1876 በጉቦ ምክንያት ሥራ ለቀቀ። የግራንት የቅርብ ጸሐፊም ከውስኪ ግብር ዘረፋ ጋር ተያይዞ ተከሶ ነበር፤ ግራንት ራሱ መሰከረለት።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው ወር አፄ ዮሐንስ ጉራዕ ላይ የግብፅን ጦር ድል አድርገዋል። የግብፅ ጦር ኤታማዦር ማን መሰላችሁ? ሎሪንግ የሚባል አንድ እጅ ያለው አሜሪካዊ ጄኔራል። በ1863፣ በዚያው የእርስ በርስ ጦርነት፣ ቪክስበርግ ከተማ ዙሪያ ግራንትን ሲወጋ የነበረ ሰው! ዕድሉ ነው እንግዲህ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ግራንት በስተርጅና ኒው ዮርክ ገብቶ ፈርዲናንድ ዋርድ ከሚባል ወጣት ጋር ተሻረከ። ወረቀት ላይ ሀብታም ነበር። በግንቦት 1884 አንድ እሑድ ዋርድ መጣና "ገንዘባችን ያለበት ባንክ ሊወድቅ ነው፣ 150,000 ዶላር ፈልግ" አለው። እሱም በክራንች እያነከሰ ባለጸጋው ቫንደርቢልት ቤት ሄደ፣ ተበደረ፣ ቼኩን ለዋርድ ሰጠ። ማክሰኞ ሁሉም ነገር ተናደ፤ ለካ ዋርድ ሲዘርፈው ነው የኖረው። ኪሱ ውስጥ የቀረው 80 ዶላር ነው።

ቫንደርቢልት ዕዳውን ልተውልህ ቢለው እምቢ አለ። ቤቱን፣ ሰይፎቹን፣ ሜዳሊያዎቹን አስረከበው። እዚህ ጋ ሁልጊዜ እንባዬ ይመጣል፤ አትሳቁብኝ።

በዚያው በጋ ኮክ ሲበላ ጉሮሮውን አመመው። ካንሰር ነበር። ለሚስቱ ለጁሊያ ምንም የሚተወው የለም። ስለዚህ ማስታወሻውን መጻፍ ጀመረ። ደራሲው ማርክ ትዌይን አሳታሚ ሆነና የትርፉን 70 በመቶ ሊሰጠው ተዋዋለ። በስተመጨረሻ ድምፁ ጠፋ። ከሐኪሞቹ ጋር በቁራጭ ወረቀት ነበር የሚነጋገረው። አንዷ ላይ እንዲህ ይላል፦ እኔ ተውላጠ ስም ሳልሆን ግስ ሳልሆን አልቀርም። ግስ መሆንን፣ ማድረግን ወይም መሰቃየትን ያመለክታል፤ እኔ ሦስቱንም ነኝ።

ሐምሌ 23 ቀን 1885 አረፈ፣ ጽፎ በጨረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ። ጁሊያ ከመጽሐፉ 450,000 ዶላር ገደማ አገኘች።

እኔን የገረመኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ሰውየው በዋርድ ተዘርፎ፣ አገር ሁሉ "ሞኝ" እያለው፣ ጉሮሮው እየተቃጠለ፣ ቁጭ ብሎ የውርንጭላዋን ወሬ ጻፈ። ሊተዋት ይችል ነበር እኮ።

እኔ የዋስነቱን ነገር ለሰው ሳወራ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።