ደቻቱ ዳር ገመድ አይታሰርም

(በድሬዳዋ፣ በደቻቱ ወንዝ ዳር በተዘጋጀ ነጻ የሙዚቃና የጭፈራ ምሽት መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር)

የድሬ ልጆች፣ እንዴት አመሻችሁ!

መድረክ መሪው የክብር እንግዶች ስም በየማዕረጋቸው የተጻፈበት ወረቀት ሰጥቶኛል። እንግዶቻችን አትቀየሙኝ፣ ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ እዚያው ይቆይ። ድሬ ላይ ሰውን በማዕረጉ ብትጠራው ዞር ብሎም አያይህ። ዳኛውም አንተ ነው፣ ጋሪ ነጂውም አንተ ነው፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ለጎረቤቴ ልጅ አንቺ ነኝ። ከከዚራ፣ ከመጋላ፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከለገሃሬ፣ ከሳቢያን የመጣችሁ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ደንገጎን ወርዳችሁ ከሐረር የመጣችሁም ሹራባችሁን አውልቁ፣ ድሬ ገብታችኋል።

ስለ ሙዚቃና አብሮነት አጭር ንግግር አድርጊ ተብዬ ነበር። ርዕሱ ደህና ነው፣ ሌላ ሰው ይናገርበታል። እኔ የመጣሁት ስለ ገመድ ልናገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲሁ “መግቢያ ነጻ” የተባለ ምሽት ነበር። ማን እንዳዘጋጀው አልናገርም፣ ስለነበራችሁ ታውቁታላችሁ። እውነት ነው፣ ማንም ሳንቲም አልጠየቀንም። ስንደርስ ግን ከመድረኩ ፊት ያለው ሜዳ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ወንበር ተሞልቷል። ከወንበሩ ኋላ ገመድ ተወጥሯል፣ ከገመዱ ኋላ እኛ ቆመናል። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፣ የክብር እንግዳ እየተጠበቀ ነው። ፀሐይ ገባች፣ ዲጄው አንዱን ዘፈን ደጋግሞ አጫወተው፣ ልጆች መሬት ላይ ተኙ፣ ወንበሩ አሁንም ባዶ ነው። ከፊቴ ሳምቡሳ የምትሸጥ እናት ሳህኗን ወደ ገመዱ ጠጋ ብታደርግ ጥበቃው በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገባት። “እናት፣ ለእንግዳ አይመችም” ይላታል። ለየትኛው እንግዳ? ለወንበሩ?

ከገጠር ቀበሌ የመጡት የሸጎዬ ልጆች ተራ ደረሰ። ሸጎዬን የሚያውቅ ያውቃል፣ የሐረርጌ ኦሮሞ ጭፈራ ነው፣ መሣሪያ አይፈልግም። ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቷ በሌላው ወገን ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከበሮው መሬት የሚመታው እግር ነው። እነዚህን ልጆች መድረክ ላይ አውጥተው፣ ለካሜራ እንዲመች ብለው፣ ሁሉንም ጎን ለጎን አሰልፈው ወደ ወንበሩ አዞሯቸው። ሸጎዬ እንደ ሰልፈኛ! አንዱ ልጅ አወጣ። ማን ይቀበለው? ልጅቷ ፊቱን አታየው፣ እሱ የሚያየው ነጭ ጨርቅ ነው። ደግሞ አወጣ። ይሄኔ ከገመዱ ኋላ፣ ከመሃላችን፣ ሴቶች ተቀበሉት። እንዴት ያለ አቀባበል! ጥበቃው ዞር አለና “ዝም በሉ፣ ቀረጻ ላይ ነን” አላቸው።

ኧረ አቦ! በሸጎዬ ላይ ዝም በሉ! ሙሽራን “ከሠርግህ ቅር” እንደማለት ነው።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሽርጡን ወገቡ ላይ ጠበቅ አደረገና ጎንበስ ብሎ በገመዱ ሥር አለፈ። ጥበቃው እሱን ሊይዝ ሲል አንዲት ሴት ገባች፣ ቀጥላ ሌላዋ፣ ከዚያ ሕፃን አዋቂው ሁሉ። ወንበሩ እየተነሳ ወደ ዳር ተደራረበ። ልጆቹ ከመድረኩ ዘለው ወረዱ፣ ፊት ለፊት ቆሙ፣ አቧራው ተነሳ። የድምፅ ባለሙያው ማይኩን ለማን እንደሚሰጥ ጠፍቶት ዞረ ዞረና መሬት አስቀምጦት እሱም ገባ። ሩብ ሰዓት ቢቆይ ነው። የእንግዳው መኪና ሲመጣ ገመዱ ተመለሰ፣ ወንበሩ ተደረደረ፣ ዲጄው ያንኑ ዘፈን ከፈተ። በኋላ በተላለፈው ቀረጻ ላይ ያቺ ሩብ ሰዓት የለችም።

ሳንቲም ስላልጠየቅናችሁ አመስግኑን ብሎ ገመድ የሚወጥርብን ሰው ሁለተኛ እንዳይጋብዘን!

ይህች ከተማ ዘፈኗን ከአዳራሽ አላገኘችም። በ1950ዎቹ አፍረን ቀሎ የሚባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን እዚሁ ድሬ ሲቋቋም ማን ቀይ ምንጣፍ አነጠፈለት? በኦሮምኛ መዝፈን እንደ ጥፋት በሚታይበት ዘመን የሠርግ ዳስ ነበር መድረካቸው። ቡድኑ እንዲበተን ሲደረግም ዘፈኑ ከሠርጉ ቤት አልወጣም። በ2015 ያረፈው ዓሊ ቢራ ገና ልጅ ሳለ የገባው እነሱ ጋ ነው። በኦሮምኛ ዘፈነ፣ በአማርኛ ዘፈነ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዓረብኛ ዘፈነ። ያን ሁሉ ቋንቋ የሚሰማ ልጅ የሚበቅለው በር በማይዘጋበት ሰፈር ነው። ዛሬ የዓሊን ፎቶ ባነር ላይ ይሰቅሉና፣ ዘፈኑን ከነዜማው የሚያውቁትን እናቶች ከገመድ ኋላ ያቆማሉ። አታፍሩም?

እኔ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ እጨፍር ነበር። የማታውቁኝ ጉልበቴን እዩት፣ ይመሰክራል። ያኔም ወንበርተኛ ነበረ፣ ከፊት ለፊት ደብተር ይዞ የሚቀመጥ። ጭፈራችን የሚሞቀው ግን ፕሮግራሙ አልቆ እነሱ ከሄዱ በኋላ ነበር።

አሁን ወደዚህ ቦታ ልምጣ። አንዳንዶቻችሁ፣ በተለይ እናቶች፣ “ሰው በበላ ወንዝ ዳር ይጨፈራል ወይ?” ብላችሁኛል። ጥያቄው ከባድ ነው፣ በቀልድ አላልፈውም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ ደቻቱ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ከመካከላችሁ ቤተሰቡን ያጣ አለ። የዚህን ወንዝ ጠባይ የምናውቀው እኛ ነን። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ከዋክብት እየታዩ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ይደርሳል። ስለዚህ ምሽቱን በጥር አደረግነው፣ መድረኩንም አሸዋው ውስጥ ሳይሆን ከግንቡ በላይ ተከልነው። በክረምት እዚህ ጭፈራ የሚያስብ ካለ እኔን አይጥራኝ።

ግን ልጠይቃችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ደቻቱን ጀርባ ስንሰጠው ለሟቾቻችን ምን አተረፍንላቸው? ቆሻሻ መጣያ ሆነ። ባቡሩ በ1895 ሲደርስ በአንድ በኩል ከዚራ መንገዱ ቀጥ ብሎ ተቀየሰ፣ ዛፍ ተተከለለት። በወዲያ በኩል መጋላ እንደፈለገው እየተጠማዘዘ አደገ። መሃሉ ይህ አሸዋ ነው። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፣ ግመል ያልፍበታል፣ ልጅ ኳስ ይመታበታል፣ ከቀፊራ ገበያ የምትመለሰው ትሻገረዋለች። ከተማው ውስጥ ማንም ያላጠረው ቦታ ቢኖር ይሄ ነው፣ እሱን ደግሞ ለአንድ ምሽት ብለን በገመድ እንጠር?

ዛሬ ከሰዓት አንድ ሰው ገመድ ተሸክሞ መጣ። “ለጸጥታ ነው” አለኝ። ለጸጥታ ከሆነ መብራት ይጨመር አልኩት፣ ተጨመረ። ለአምቡላንስ በግራም በቀኝም መውጫ ይተው አልኩት፣ ተተወ። የድምፅ ማጉያው ሽቦ ከሰው እግር ይራቅ አልኩት፣ ራቀ። ገመዱ ተረፈ። ለሳምቡሳ ሻጮቹ ሰጠኋቸው፣ ያ ሰማያዊ ሸራ የተወጠረው በእሱ ነው። ሂዱና እዩት፣ እግረ መንገዳችሁንም ብሉ።

ወንበር አለ። ለሽማግሌ፣ ለአሮጊት፣ ለነፍሰ ጡር፣ እግሩን ለሚያመው ነው፣ ያለውም ከጎን ነው። በማዕረግ የሚቀመጥበት የለም። የክብር እንግዶቻችን፣ እናንተም ቢደክማችሁ ተቀመጡ፣ ቢደክማችሁ ብቻ።

የቀረውን ቶሎ ልበል። የሚቀድመው ማን ነው ተብሎ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር፣ በዕጣ ተፈታ። መጀመሪያ ሸጎዬ፣ ቀጥሎ የሶማሌው ጭፈራ ዳንቶ፣ ከዚያ የሐረሪ እናቶች፣ ከዚያ ጉራግኛው፣ እስክስታው ወደ መጨረሻ ነው። የጎንደር ልጆች ታገሱ። ባጃጆች ድልድዩን አትዝጉ። ልጅ የጠፋበት ድምፅ ማጉያው ጋ ይምጣ። የውሃ ፕላስቲክ ወደ አሸዋው የሚወረውር ሰው ካየሁ በስሙ በማይክ እጠራዋለሁ፣ ስማችሁን ደግሞ አውቃለሁ።

ዲጄ፣ አንተ እስከ ሦስት ሰዓት ዕረፍት ላይ ነህ፣ ሂድ ሻይህን ጠጣ። ሸጎዬዎች፣ ከመድረኩ ውረዱ፣ መሬት ላይ ነው። እናንተ ደግሞ ክብ አድርጉላቸው፣ ሲያወጡ ተቀበሏቸው።